ሜካትሮኒክስና የጥቃቅን አካላት ገጠማ፦ የተመራማሪዎች ሥልጠና

ሜካትሮኒክስ የመካኒክስን፣ የኤሌክትሮኒክስንና የኮምፒውተር ቁጥጥርን ሙያ አጣምሮ የያዘ የምህንድስና ዘርፍ ነው። ማይክሮ ገጠማ ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ክፍሎችን እየለቀሙ በቦታቸው ማስቀመጥን ይመለከታል።

በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለዘርፉ የሚቀርበው ተቋም፣ በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተውና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚገኘው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የኤሌክትሮሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ይሰጣል። በቴክኒክና ሙያ በኩል፣ ከቻይናው የቲያንጂን የቴክኖሎጂና ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሉባን ወርክሾፕ ይጠቀሳል።

ከትልቁ ማሽን ወደ ጥቃቅኑ የሚሻገር ተመራማሪ መጀመሪያ የሚቸገረው በማንሳቱ ሳይሆን በመልቀቁ ነው። የአንድ ክፍል ርዝመት 10 እጥፍ ሲያንስ ክብደቱ 1,000 እጥፍ ይቀንሳል፤ የገጹ ስፋት ግን የሚቀንሰው 100 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረንጦው ቢከፈትም ክፍሉ አይወድቅም፤ ከአንዱ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሚያጣብቁት የእርጥበት ስስ ሽፋን፣ የኤሌክትሪክ ሙልና የሞለኪውሎች መሳሳብ ናቸው። መፍትሔው የወረንጦውን ጫፍ ማሻከር፣ ማንዘር፣ ወይም ክፍሉን ይበልጥ በሚይዝ ሙጫ ላይ አሳርፎ መላቀቅ ነው።

እዚህ ላይ አገሩም የራሱ ድርሻ አለው። በበጋው ደረቅ አየር የኤሌክትሪክ ሙል ይበረታል፤ በክረምት እርጥበቱ ያጣብቃል። በአየር መሳብ የሚያነሳ መያዣም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ ኃይሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል፤ ክፍሉን ከመያዣው አፍ ጋር የሚያጣብቀው ከውጭ የሚገፋው የከባቢ አየር ነውና። የባሕር ዳርቻ አገር መመሪያ ይዞ የሚሠራ ተማሪ ይህን ልብ ካላለ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል።

በአውሮፓ ለዚህ ሙያ ተመራማሪ ለማፍራት ከተዘረጉት መርሐ ግብሮች አንዱ አሴሚክ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ የምርምር ድጋፍ፣ በቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ወጣት ተመራማሪዎችን በተለያዩ አገሮች ቤተ ሙከራዎች አሠልጥኗል። በውጭ ካሉ ኢትዮጵያውያን ምሁራን መካከል ደግሞ በአሜሪካ፣ በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዮናስ ታደሰ በሰው መሰል ሮቦቶችና በሰው ሠራሽ ጡንቻዎች ላይ ይመራመራሉ፤ ሥራቸው ከማይክሮ ገጠማ ይልቅ ለሮቦቲክስ ይቀርባል።