የሥራ ተቋራጮች የበይነ መረብ ትስስር በጅግጅጋና አካባቢዋ

የሥራ ተቋራጮች የበይነ መረብ ትስስር አንድ የግንባታ ድርጅት ከአሠሪዎች፣ ከአማካሪ መሐንዲሶች፣ ከዕቃ አቅራቢዎችና ከሌሎች ተቋራጮች ጋር በማኅበራዊ ገጾችና በመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያዎች የሚፈጥረው የሥራ ግንኙነት ነው። ይህ ጽሑፍ በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች፣ በተለይም በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ፣ የሚሠሩ አነስተኛ ተቋራጮችን ይመለከታል።

የሥራው ምንጭ

በአካባቢው የግንባታ ሥራ የሚመጣው ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከረድኤት ድርጅቶችና ከግለሰቦች ነው። ቀብሪበያህ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አውበሬና ሸደር ደግሞ ከ1999 እና ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የስደተኞች መጠለያ ስላለባቸው፣ የመማሪያ ክፍልና የውሃ ግንባታ ሥራ በጨረታ ይወጣል። ቢርካ፣ ማለትም መሬት ውስጥ ተቆፍሮ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት የሚገነባ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ለአነስተኛ ተቋራጭ የሚመች ሥራ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ የክልሉ ተወላጆችም ጅግጅጋ ላይ ቤት ያሠራሉ።

እነዚህ ሥራዎች ለረጅም ጊዜ የተገኙት በዝምድና፣ በጎሳ ትውውቅና በሻይ ቤት ወሬ ነው። ይህ መንገድ ዛሬም አልተዘጋም፤ ዋስ የሚሆን ሰው የሌለው ወጣት መሐንዲስ ግን በእሱ ብቻ ሩቅ አይሄድም። የበይነ መረብ ትስስር ጥቅሙ የሚጎላው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

መድረኮቹ

ሊንክድኢን በ1995 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተ፣ በ2008 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለመግዛት የተስማማበት የባለሙያዎች መድረክ ነው። ገጹ በአማርኛም በሶማሊኛም ስለማይቀርብ የግንበኞችና የፌሮ ሠራተኞች መገናኛ አይደለም። የረድኤት ድርጅቶችን የግዥ ሠራተኞችና አማካሪ መሐንዲሶችን ለማግኘት ግን ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቅራቢዎች የሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ የገበያ ገጽም አለ፤ መሠረታዊ ምዝገባው ነፃ ነው። የዕለት ተዕለቱ ንግግር፣ ማለትም የሲሚንቶ ዋጋ፣ የመኪና ኪራይ፣ «ለሳኝ ፈልጉልኝ» የሚለው ሁሉ፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም ነው።

ሥራን ማሳየት

ያለቀ ሕንፃ ፎቶ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ማንም አጠገቡ ቆሞ ሊነሣ ይችላልና። መሐንዲስ ማየት የሚፈልገው ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚሸፈነውን ነው፦ የመሠረቱን ቁፋሮ፣ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የታሰረውን ፌሮ፣ የቢርካውን የውስጥ ልስን። ከምስሉ ጋር ቦታው፣ ዓመቱ፣ የሥራው መጠን፣ ድርጅቱ ዋና ተቋራጭ ይሁን ንዑስ ተቋራጭ መገለጽ አለበት። የሌላውን ሥራ የራስ አድርጎ መለጠፍ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ቶሎ ይታወቃል። የባለቤቱን ቤት ወይም የመጠለያ ነዋሪዎችን ፎቶ ለማውጣት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል።

ከአገሩ ርቆ ቤት የሚያሠራ ሰው በየሳምንቱ የሚላክለትን ፎቶና ቪዲዮ እንደ ሒሳብ መግለጫ ይቆጥረዋል። በዚህ የረካ ደንበኛ ለዘመዶቹ የሚናገረው ቃል ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቃል።

ገደቦች

ትስስር ወሬ ያመጣል እንጂ ውል አይሰጥም። የጨረታ ኮሚቴ የሚመረምረው የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተቋራጭነት ደረጃ የምስክር ወረቀት፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤና የጨረታ ማስከበሪያ ነው። የፌዴራል መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በደረጃ ሥራ ላይ መዋሉም ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር አዛወረው እንጂ አላስቀረውም። ደረጃው ዝቅ ላለ ድርጅት የትስስሩ ትልቁ ፍሬ ብዙ ጊዜ የንዑስ ተቋራጭነት ሥራ ነው፤ በዚያ የሚገኘው የምስክር ደብዳቤ ለቀጣዩ ጨረታ ይሆናል።

ማጭበርበርም አለ። በረድኤት ድርጅት ስም «ተመርጠሃል፤ ለማስፈጸሚያ ገንዘብ ላክ» የሚል መልእክት የተለመደ ስልት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በጨረታቸው በየትኛውም ደረጃ ክፍያ አይጠይቁም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ለጨረታ ሰነድ መሸጫ ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ደረሰኝ መጠየቅና በመሥሪያ ቤቱ ቢሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ራሱም ይቋረጣል። በጅግጅጋ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ግጭት ከተነሣ በኋላ በክልሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በመላ ኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ቆይተዋል። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የጻፈ ተቋራጭ ሥራው አይቆምበትም።