የአርማታ ምሰሶና ድንገተኛ ጭነት

የአርማታ ምሰሶ የወለልና የጣሪያ ክብደትን ለዘመናት ይሸከማል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ግን ኃይሉ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም፣ ያውም በቅጽበት ያርፍበታል። ኮንክሪት መጨመቅን እንጂ መሳብን እምብዛም አይችልም። ከልክ በላይ ሲጨመቅ ደግሞ ወደ ጎን አብጦ ይፈረካከሳል፤ ቋሚዎቹ ፌሮዎችም ወደ ውጭ ይጎብጣሉ።

ይህን የሚገታው ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት፣ ስታፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፈርናንዶ መጠኑ 6.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ ገና አዲስ የነበረው የኦሊቭ ቪው ሆስፒታል ይህን በግልጽ አሳይቷል። በተቀራረበ ጠመዝማዛ ብረት የታቀፉት ምሰሶዎች የውጭ ሽፋናቸው ረግፎ፣ ክፉኛ አዘንብለው እንኳ ጭነታቸውን አልጣሉም፤ በተራራቀ ስታፋ የታሰሩት የማዕዘን ምሰሶዎች ግን ተሰባበሩ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

በግንባታ ቦታ ቁጠባው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ቀጭን ብረት መሆኑ ያሳዝናል። ስታፋ በምሰሶው ግርጌና አናት፣ ከመሠረቱና ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ከመካከሉ ይልቅ መቀራረብ አለበት። ጫፉም በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ ሽፋኑ ሲረግፍ ይከፈታል፤ በ135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ይዞ ይቆያል። የቤቱ ባለቤት ይህን በዓይኑ ማየት የሚችለው ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት፣ ካሳፎርማው ሳይዘጋ ነው።