የቅጣት ልክና ይግባኝ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች

በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው «ጥፋተኛ መባሌ ስሕተት ነው» ብሎ ይግባኝ ማለት ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ተፈቅዶለት ኖሯል። «ቅጣቱ በዛብኝ» ለሚለው ግን ሰሚ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1879 የወጣው ሕግ ለበላይ ችሎት ቅጣትን ጭምር የመወሰን ሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቶቹ በ1891 ሲቋቋሙ ይህ ቃል ሳይደገም ቀረ፤ ዳኞቹም ዝምታውን እንደ ክልከላ ተረጐሙት። ስለዚህ ሕጉ እስከ 20 ዓመት የሚፈቅድ እንደ ሆነ፣ የ1 ዓመቱም የ20 ዓመቱም ፍርድ እኩል የማይነካ ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1974 ይህንኑ ደንብ ደገመው።

የኒው ዮርኩ ፌዴራል ዳኛ ማርቪን ፍራንክል በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ የነቀፉት ይህንን ልጓም የለሽ ሥልጣን ነው። ኮንግረስ በ1984 ለተከሳሹም ለዐቃቤ ሕጉም በቅጣት ልክ ላይ ይግባኝ ፈቀደ። ይሁን እንጂ መብቱ ብቻውን አልመጣም። በ1987 ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ 43 የጥፋት ደረጃዎችና 6 የቀድሞ ጥፋት መደቦች ያሉበት ሠንጠረዥ ነበረው፤ ይግባኝ ሰሚውም በአብዛኛው የሚመረምረው ሠንጠረዡ በትክክል መሠራቱን እንጂ የቅጣቱን ፍትሐዊነት አልነበረም። በ2005 በቡከር ጉዳይ ሠንጠረዡ አስገዳጅነቱ ቀርቶ ምክር ሆነ፤ የይግባኝ ችሎቶችም ቅጣቱ «ምክንያታዊ» መሆኑን እንዲመዝኑ ተወሰነ።

የዚህ ቃል ትርጉም በ2007 በጋል ጉዳይ ተፈተነ። ተከሳሹ በአዮዋ ተማሪ ሳለ ኤክስታሲ የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ከሚያከፋፍሉ ሰዎች ጋር ሰባት ወር ያህል ሠርቶ በራሱ ፈቃድ ተለየ፤ ትምህርቱን ጨርሶ በሠራተኛነት ሲኖር፣ ከተለየ ከሦስት ዓመት በላይ ቈይቶ ተከሰሰ። ሠንጠረዡ ከ30 እስከ 37 ወር እስራት ይል ነበር። ዳኛው ግን ሰውየው ራሱን ማረሙን አይተው 36 ወር በገደብ፣ በፍርድ ቤት ተቆጣጣሪ ክትትል ሥር እንዲቆይ ፈረዱ። ይግባኝ ያለው መንግሥት ነው፤ የይግባኙ ችሎትም ልዩነቱን በመቶኛ አስልቶ ፍርዱን ሻረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ ስሌቱን ነቅፎ የመጀመሪያውን ፍርድ መለሰ፤ ተከሳሹን ፊት ለፊት ያየው ዳኛ ሊከበር ይገባል አለ፤ ገደብም ቢሆን ነጻነትን የሚያጠብ ቅጣት መሆኑን አስታወሰ።

ውሳኔው ለዚያ ወጣት ርኅራኄ ነበር። ይሁንና ቀላሉን ቅጣት ያዳነው አክብሮት፣ ከባዱንም ቅጣት ከይግባኝ ይጋርደዋል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በሪታ ጉዳይ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለ ቅጣት በይግባኝ ጊዜ ምክንያታዊ ተብሎ ሊገመት እንደሚችል ተፈርዶ ነበር፤ ግምቱን የማፍረሱም ሸክም በታሳሪው ላይ ወደቀ።