ችሎቱን ማን ይቅዳው?

እስቲ አንድ የዱከም ሰው እናስብ። ወንድሙ አዲስ አበባ ተከሷል። ሌሊት ተነስቶ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ተጉዞ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ስልኩን በር ላይ አስረክቦ ይገባል። ማታ ሲመለስ ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ምን ተባለ?» ይለዋል። እሱም ትዝ ያለውን ያህል ይነግራቸዋል።

የፍርድ ቤቱ መዝገብስ ምን ያስታውሳል? ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የምስክር ቃል በትረካ መልክ እንዲጻፍ ያዛል፤ ጥያቄና መልሱ እንዳለ የሚመዘገበው ዳኛው ሲፈልጉ ነው። ይግባኝ ሰሚው የሚያነበው እንግዲህ ምስክሩ ያለውን ሳይሆን «አለ» ተብሎ የተጻፈውን ነው። በኋላ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድምፅ መቅጃ ማስገባታቸው ክፍተቱን አጥብቦታል። ያ ቅጂ ግን የፍርድ ቤቱ ነው። የራሱን መቅጃ ይዞ መግባት የፈለገ ማስፈቀድ አለበት።

ማስፈቀድ በራሱ ነውር የለውም። እንግሊዝ እ.አ.አ. በ1981 ባወጣችው ሕግ ያለ ፈቃድ ድምፅ መቅዳት ችሎት መድፈር ነው። ቁም ነገሩ ሲጠየቅ ምን ይመለሳል የሚለው ነው።

የእኛ ሕግ ሲታወጅ ኢየሩሳሌም ውስጥ የናዚው አዶልፍ አይክማን ፍርዱን እየጠበቀ ነበር። ችሎቱን ለመቅረጽ ፈቃድ ሲጠየቅ ጠበቃው ተቃወመ። ዳኞቹ ግን ካሜራዎቹ ሥራቸውን እንዳይረብሹ ከግድግዳ ጀርባ ተደብቀው እንዲቀርጹ ፈቀዱ። ዛሬ ያንን ችሎት ማንም ማየት ይችላል። በየካቲት 2006 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የኦስካር ፒስቶሪየስ ጉዳይ ሊታይ ሲል መገናኛ ብዙኃን አመለከቱ። ዳኛ ደንስታን ምላምቦ ድምፁ በሙሉ እንዲተላለፍ፣ ተከሳሹና ያልፈቀዱ ምስክሮቹ ግን በምስል እንዳይታዩ ወሰኑ። በ«አዎ» እና በ«አይሆንም» መካከል ሰፊ ቦታ አለ ማለት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። 12 ዓመት! ሲጀመር ብዙዎቻችን አልተወለድንም። አንዲት እናት ልጇ እንዴት እንደተወሰደባት ስትመሰክር ድምፅዋ የቱ ጋ እንደተቆረጠ ትረካው አይነግረንም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት እንዳለው ይናገራል። ችሎት የሚዘጋው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ ነው። የመቅጃ ፈቃድም በዚሁ ሚዛን ቢለካ ምናለ? ሕፃን ከመሰከረ ይጥፋ። የሚፈራ ምስክር ካለ ፊቱ ይሸፈን። ከዚያ ውጪ የከለከለ ዳኛ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጠን እንላለን።

ያኔ የዱከሙ ሰው ማታ ለጎረቤቱ የሚነግረው ትዝ ያለውን ብቻ አይሆንም።