የቤት ሣጥን የታሪክ ምስክር

ታሪክ በመንግሥት መዝገብ ቤት ብቻ አይጠበቅም፤ በየቤቱ ሣጥን ያለች አሮጌ ፎቶግራፍም ምስክር ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። የዚያን ጦርነት ፎቶግራፎች ብዙዎቹን አንሥተው ወደ አገራቸው የወሰዱት የጠላት ወታደሮች ናቸው፤ በብዙዎቹም ላይ የወገኖቻችን ስም አልተጻፈም። በአብዮቱ ዘመን በልጅነታቸው ከአገር የወጡት ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ እነዚህን እየለቀሙ፣ ፕሮጀክት 3541 በተባለው ስብስብ ከቤተሰብ ትዝታ ጋራ አገናኙዋቸው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፤ ብዙ ሕዝብም ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። የፈረሰ ቤት እንደ ገና ይሠራል፤ ስሙ የጠፋ ፊት ግን ለልጅ ልጁም ባዕድ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ፣ በየፎቶግራፉ ጀርባ ስሙን፣ ቦታውንና ዘመኑን እንጻፍ እንላለን።