የጣት ኦክስጅን መለኪያው የማይነግረን ነገር

አያታችሁ ሳንባቸውን ያማቸዋል እንበል። ቤት ውስጥ ኦክስጅን ተሰክቶላቸዋል። ጣታቸው ላይ ያለው መለኪያ 98 ይላል። "አሪፍ ነው፣ ይተኙ" ብላችሁ ትወጣላችሁ። ቁጥሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እሳቸው ግን አደጋ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዴት? እንየው።

📌 መለኪያው ምን ያያል?
ፐልስ ኦክሲሜትር ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ብርሃኑን የሚውጡበት መጠን ስለሚለያይ ከዚያ ተነስቶ ፐርሰንቱን ያሰላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያመጣው ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩኦ አዮያጊ ነው።

📌 ምን አያይም?
ካርቦን ዳይኦክሳይድን። ሳንባ ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። መለኪያው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በሲጋራ ወይም በማገዶ ጭስ ለዓመታት ሳንባቸው የተጎዳ አረጋውያን ኦክስጅን ሲበዛባቸው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደማቸው ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ለእንዲህ ዓይነት ታማሚዎች ብዙ ጊዜ ከ88 እስከ 92 ፐርሰንት የሚፈልጉት። ለእነሱ 98 የምስራች አይደለም።

📌 ታዲያ በምን ይለካል?
ዋናው ምርመራ ከእጅ አንጓ ደም ወሳጅ የሚቀዳ ደም ነው። ያማል፤ ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ አረጋውያን ደግሞ መድማትም አለው። ያለ መርፌ የሚሠሩ ሁለት መንገዶች አሉ፦

▪️ ካፕኖግራፊ፦ ወደ ውጭ የሚተነፈሰውን አየር ይለካል። ሳንባ ክፉኛ ሲጎዳ ግን ደም ውስጥ ካለው አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።
▪️ የቆዳ ሴንሰር፦ ጆሮ ጫፍ ወይም ደረት ላይ ይለጠፋል። ቆዳውን ወደ 42 ዲግሪ ያሞቅና በቆዳ በኩል የሚወጣውን ጋዝ ይለካል። የአረጋውያን ቆዳ ስስ ስለሆነ እንዳያቃጥል ቦታው ይቀያየራል።

ሁለቱም ለውጡን ሳያቋርጡ ለመከታተል ይጠቅማሉ። ጥርጣሬ ካለ ግን ደም መቀዳቱ አይቀርም።

📌 የጣቱ ቁጥር መቼ ይሸውዳል?
እጅ ሲቀዘቅዝ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ጥፍር ቀለም ሲኖር። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ደግሞ መለኪያው ጥቁር ታማሚዎች ላይ የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። የከሰል ጭስ የመረዘውን ሰውም "ደህና ነው" ሊል ይችላል።

📌 ምን እናድርግ?
ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን እንይ። ከወትሮው በላይ እንቅልፍ ከበዛባቸው፣ ከዘባረቁ፣ ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ካመማቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ቁጥሩ ምንም ይበል ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ኦክስጅኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትንቀሉም። "ለእሳቸው ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?" ብላችሁ ሐኪማቸውን ጠይቁና ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

አረጋዊ ቤቱ ላለ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 🙏