የዋልድባ ገዳም የዕለት ኑሮና የማኅበር ሥርዓት

የአገራችን የገዳማት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ብዙውን ገጽ የሚይዘው የነገሥታቱ ስጦታና የሊቃውንቱ ክርክር ነው። ይህን ገዳም እገሌ የተባለ ንጉሥ ተከለው፥ ይህን ያህል ጉልት ሰጠው፥ እገሌ የተባለው ደግሞ ነጠቀው እየተባለ ይተረካል። ነገር ግን ውሃውን ማን ይቀዳ እንደ ነበረ፥ እንጨቱን ማን ይለቅም እንደ ነበረ፥ በሌሊት ተነሥቶ ደወሉን የሚደውለው ማን እንደ ነበረ የሚነግረን ጽሑፍ ጥቂት ነው። እኛ ግን ለአንድ ገዳም ዘመናትን ተሻግሮ መኖር ከንጉሥ ስጦታ ይልቅ በየማለዳው ተነሥቶ የታዘዘውን የሚሠራ ሰው አለማጣቱ ይበልጣል ብለን እናምናለን። ለዚህም አስረጅ እንዲሆነን በሰሜን ጎንደር በኩል የሚገኘውን የዋልድባን ገዳም መርጠናል።

ከጎንደር ከተማ፥ ከማራኪ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በደጋ ላይ ሲሄድ ቆይቶ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ሲወርድ ብርዱ ይቀርና የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። ዋልድባ የሚገኘው በዚያ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ በተዘረጋው በረሓማ ቆላ ውስጥ ነው። ስፍራው ለእርሻ አይመችም፥ ለንግድም መንገድ አይደለም፤ ወባውም የታወቀ ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው አንድ ነገር ፈልጎ ሳይሆን ብዙ ነገር ትቶ ነው።

ገዳሙን በማቅናት ስሙ የሚጠራው አባ ሳሙኤል ዘዋልድባ ነው። እርሱም በትግራይ በደብረ በንኰል የአባ መድኃኒነ እግዚእ ደቀ መዝሙር እንደ ነበረ በገድሉ ተጽፏል። ከዚያ ወጥቶ በየበረሓው ሲጋደል ከቆየ በኋላ በዋልድባ ተቀመጠ። ሠዓሊዎች ይህን አባት ሲሥሉት ከአንበሳ ጋር ነው፤ አራዊቱ ታዝዘውለት ነበር ስለሚባል። የመታሰቢያው በዓልም ታኅሣሥ 12 ቀን ይከበራል። ከእርሱ በኋላ ብዙ መነኮሳት ተሰብስበው ስፍራው በየበረሓው የተከፋፈለ ታላቅ ገዳም ሆነ። በአብረንታንት ያሉት መነኮሳት ቤተ ሚናስና ቤተ ጣዕማ በሚባሉ ሁለት ማኅበሮች መኖራቸው የታወቀ ነው።

ዋልድባን ከሌሎች ገዳማት ሁሉ የሚለየው የምግብ ሥርዓቱ ነው። በገዳሙ ክልል ውስጥ እህል አይዘራም፥ መነኮሳቱም እህል አይበሉም። ጌታ ከእናቱ ከድንግል ማርያም ጋር በስደቱ ጊዜ ወደዚህ ስፍራ መጥቶ ነበር፥ እህል እንዳይበቅልበትም ያዘዘው እርሱ ነው የሚል ትረካ በገዳሙ አለ። የመነኮሳቱ ዋና ምግብ ቋርፍ ይባላል፤ የሚዘጋጀውም ከሙዝ ተክል ሥር ነው። ይህን ምግብ ስሙን እንጂ ድካሙን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። እንጀራ የለመደ ሰው ቋርፍን እንደ ተአምር ይሰማዋል፥ ወይም ለቅጣት የተሰጠ ምግብ ይመስለዋል። ነገሩን በሥራ በኩል ስንመለከተው ግን ሌላ መልክ አለው። ሥሩ መቆፈር አለበት፥ መታጠብ፥ መከተፍና መቀቀልም አለበት። ውሃና ማገዶ ይፈልጋል። ይህም ሁሉ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለማኅበሩ ሁሉ ነው። ስለዚህ እህል መተው ማለት ሥራ መተው ማለት አልሆነም፤ ይልቁንም የእጅ ሥራው በዛ። በዚያ ላይ ሁሉም የሚበላው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፥ ከባላባት ቤት የመጣውና ከድኻ ቤት የመጣው በማዕድ አይለያዩም።

የገዳም ቀን የሚከፈለው በጸሎት ነው። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሌሊቱ በማኅሌት፥ በሰዓታትና በኪዳን ይነጋል፤ መቶ ኀምሳው መዝሙረ ዳዊትም ይደገማል። ስግደቱ አለ፥ ጾሙ አለ። በነዚህ መካከል የሚቀረው ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው። ሰዓት ቈጣሪ መሣሪያ ሳይኖር ይህ ሁሉ በጊዜው መፈጸሙን ስናስብ፥ በየመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰዓት ተሰቅሎልን በጊዜው ለመግባት የምንቸገረው እኛ ጥቂት ማፈር ይገባናል።

ሥራውም ያለ ሹም አይሄድም። በአገራችን የአንድነት ገዳማት ልማድ የበላዩ አበ ምኔቱ ነው። ከእርሱ በታች የማኅበሩን ሀብት የሚጠብቅና ለእያንዳንዱ መቁነኑን የሚያድል መጋቢ፥ ቤተ ክርስቲያኑን የሚመለከት ገበዝ፥ ንዋያተ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን የሚይዝ ዕቃ ቤት አለ። ከባዱ ሥራ ግን የሚወድቀው በአርድእት ላይ ነው። አርድእት የሚባሉት ገና ያልመነኰሱት አገልጋዮች ናቸው፤ ውሃ ይቀዳሉ፥ እንጨት ይሸከማሉ፥ የታመመ ያስታምማሉ፥ የእንግዳ እግር ያጥባሉ። መጋቢው ቢያጠፋ ማኅበሩ ይጠይቀዋል። አንባቢያችን ልብ ይበሉ፤ የሕዝብን ንብረት ይዞ ሒሳብ መስጠት በአገራችን ከመሥሪያ ቤት ጋር የመጣ ነገር አይደለም።

ረድእ የሆነ ሰው ለብዙ ዘመን ካገለገለና ጠባዩ ከተመሰከረለት በኋላ ለምንኵስና ይታጫል። በዚያን ቀን በምድር ላይ ተጋድሞ እንደ ሞተ ሰው ይከፈናል፥ ጸሎተ ፍትሐትም በሕይወቱ ሳለ ይደረስለታል። ከዚያ ሲነሣ ስሙ ይለወጣል፥ ቆቡንም ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ ርስት አይከራከርም፥ ውርስ አይጠይቅም። የሚማረውም ማር ይስሐቅን፥ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን ነው፤ እነዚህ ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት ይባላሉ።

ይህ ዓይነቱ የአንድነት ኑሮ ሥሩ ሩቅ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ጳኩሚስ በግብፅ መነኮሳትን በአንድ ቅጥር ሰብስቦ ሥራን፥ ማዕድንና ጸሎትን በአንድ ደንብ አስተዳደረ፤ ደንቡም ወደ ግዕዝ ተመልሶ ወደ እኛ መጣ። በምሥራቅ ያሉት የቡድሃ ሃይማኖት መነኮሳት ሌላ መንገድ ይዘዋል። በስሪ ላንካና በታይላንድ መነኰሴው ማለዳ የምግብ ዕቃውን ይዞ በየቤቱ ደጃፍ ያልፋል፥ ሕዝቡ የሰጠውንም ከቀትር በፊት ይመገባል፤ መሬት መቆፈርም በደንባቸው የተከለከለ ነው። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው አኩፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ነው፤ የጎንደር ሊቃውንትም በዚህ መንገድ አልፈዋል። በዚያ አኗኗር መነኰሴውና ሕዝቡ በየቀኑ ይገናኛሉ፤ በዋልድባ ግን መነኰሴው ሕዝቡን ሳያስቸግር ለመኖር ይጥራል።

ይሁን እንጂ ዋልድባ ከዓለም ጨርሶ ተለይቶ አያውቅም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር ሲወጣ የዚህን ገዳም ወሬ ሰምቶ ጽፏል። የአገሩን ሙቀትና ንዳዱን ይናገራል፤ ከቤተ መንግሥት የተጣሉ መኳንንትም ወደዚያ ሸሽተው ቆብ እንደሚጭኑ፥ ነገሩ ሲበርድላቸው ግን እንደሚመለሱ ያወሳል። በአነጋገሩ ፌዝ አለበት፤ ገዳሙን በወሬ አወቀው እንጂ አልተቀመጠበትም። ነገር ግን የጻፈውን ሐሰት ነው ብለን አንጥለውም። በዘመኑ በጎንደር ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ ያነግሥና ይሽር ስለ ነበረ፥ ነፍሱን ለማዳን የሚሸሽ ሰው ብዙ ነበር። ገዳሙም የመጣውን ለምን መጣህ ሳይል ተቀበለ። ለሥልጣኑ የመጣው ሲመለስ፥ ለነፍሱ የመጣው ቀረ፤ ገዳሙን ያቆመውም የቀረው ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን የገዳማትና የአድባራት ጉልት ቀረ። በገበሬው ግብር ይተዳደሩ የነበሩት ብዙ አድባራት ካህናታቸው ተበተኑባቸው። ዋልድባ ከውጭ ምንም አይገባውም ማለታችን አይደለም፤ ምእመናን ይረዱታል። ዳሩ ግን በራሱ እጅ ቆፍሮና ቀቅሎ የሚበላን ማኅበር እንዲህ ያለው ለውጥ ያን ያህል አያናጋውም፤ ይህ የራሳችን ፍርድ ነው።

ከእህሉ ይልቅ የበረታው የክልሉ ጉዳይ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወልቃይት የስኳር ልማት ሥራ፥ በዛሬማ ወንዝም ላይ ግድብ ሲጀመር፥ ከመነኮሳቱ ወገን ተቃውሞ ተነሣ። የአባቶች አፅም ያረፈበት መሬት ይነካል፥ የገዳሙም ክልል ይጠባል አሉ። መንግሥት በበኩሉ ግድቡ ከገዳሙ ይዞታ ውጭ ነው ብሎ መልስ ሰጠ። ክርክሩን ስንመረምረው ሁለቱ ወገኖች ክልል የሚሉት አንድ ነገር አልነበረም። መሐንዲሱ ክልልን የሚያውቀው በካርታ ላይ በተሰመረ መሥመር ነው። ለመነኰሴው ግን ክልል ማለት እህል የማይገባበት፥ የሞቱት አባቶች ያረፉበትና ዛሬም ረድእ ውሃ ለመቅዳት የሚወርድበት ምድር ነው።